ስድስት ድስት፣ ስድስት ክዳን

ካርቶኑ ላይ «12 ፍሬ» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ቤት ተወስዶ ሲከፈት ድስቱ ስድስት ነው፤ ሌላው ስድስት ክዳን ነው። ውሸት የለበትም፣ ክዳንም ፍሬ ነው። በዚህ አቆጣጠር አንድ ጥንድ ጫማ ከነማሰሪያው ባለ 4 ፍሬ ይሆናል፤ ጫማ ሻጮች ገና አልነቁም እንጂ።

የስቲል ድስት ሴት (እንግሊዝኛው «ሴት» ነው፣ ከእናቶቻችን ጋር አይያያዝም) ሲገዛ የራሱ ሥርዓት አለው። ሻጩ ድስቱን ገልብጦ በጣቱ ቋ! ያደርገዋል። ገዢዋ ጆሮዋን ዘንበል ታደርጋለች፤ ምን ለመስማት እንደሆነ ግን ሁለቱም አያውቁም። «እናቴ ትሙት፣ ኦሪጅናል ነው! ኤይቲን ቴን!» ይላል። 18/10 ማለት 18 በመቶ ክሮሚየም፣ 10 በመቶ ኒኬል ማለት ነው። ክሮሚየሙ አየር ሲያገኝ ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ያበጃል፤ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ይኸው ነው፣ ቢጫርም መልሶ ራሱን ይሸፍናል። ኒኬል ውድ ነውና በርካሹ ሴት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኒኬል የሌለበት 18/0 ነው፤ ወይም ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የገባበት 201 የሚሉት። ቂጡ ላይ የታተመው ቁጥር ግን ያው 18/10 ነው። ማኅተም ለመምታት ኒኬል አያስፈልግም።

ቀጥሎ ማግኔት የያዘ አዋቂ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ አማች ነው። «ማግኔት ከያዘው ፎርጅድ ነው!» ብሎ ይፈርዳል። እውነት ነው፣ 18/10 ማግኔት አይስብም። 201ም ግን አይስብም። 18/0 ደግሞ ይስባል፣ ግን እሱም ደንበኛ የማይዝግ ብረት ነው፤ ጨው ሲበዛበት ትንሽ ቶሎ ይሸነፋል እንጂ። እንዲያውም ኢንዳክሽን ምድጃ ላይ የሚሠራው ቂጡ ማግኔት የሚይዘው ብቻ ነው። የአማች ማግኔት እንግዲህ ጥፋተኛውን ለቆ ንጹሑን የሚያስር ዳኛ ነው።

መታየት ያለበት ቂጡ ነው። ስቲል ሙቀትን በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ያንሳል። እሳቱ የነካው ቦታ ይግላል፣ ሁለት ጣት አልፎ ያለው ገና ወሬውን አልሰማም። ለዚህ መድኃኒቱ በሁለት የስቲል ቅጠል መሐል የአሉሚኒየም ዝርግ ማስገባት ነው፤ ድስቱ ከጎን ሲታይ ከታች እንደ ጫማ ሶል ወፈር ያለችው እሷ ናት። ሶሏ ወፍራም ከሆነች ድስቱ ሲያነሱት ወደ ታች ይከብዳል። ሲያነሱት እንደ ቆርቆሮ ኩባያ ብድግ የሚል ከሆነ የሚገዛው ለቡፌ ነው። እጀታውንም ጨብጦ ወዘወዝ ማድረግ ነው፤ በብየዳ ነጥብ ብቻ የተያዘ ከሆነ ከነሙሉ ወጡ ከማነቃነቅ ባዶውን ማነቃነቅ ይሻላል።

የክዳኑ አናት ላይ ሰዓት የሚመስል ቴርሞሜትር ካለ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፣ የባለቤቷ ኩራት ደግሞ በጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እንፋሎቱም ከዚያ አያልፍም። ውሃ እስካለ ድረስ ቀስቱ 100 ይድረስ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ሽምብራው ይበስልለታል እንጂ ቀስቱስ አይደርስለትም። መለኪያው ውሸታም አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢጣድ ልክ ነበር። ለማንኛውም ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከታጠበ በኋላ መስታወቱ በውስጥ በኩል ላብ ይዞት ምንም አያሳይም፣ ክርክሩም እዚያ ያበቃል።

እውነተኛው ፈተና ቁሌት ነው። የስቲል ድስት አምራቾች ሽንኩርትን ያለ ዘይት አርባ ደቂቃ የሚያቁላላ ሕዝብ መኖሩን ሰምተው የሚያውቁ አይመስልም። ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ተከትፎ ይገባል፣ ምድጃው መጨረሻው ቁጥር ላይ ይደረጋል፣ ምክንያቱም መብራት ሊሄድ ይችላል። (ከማንኛውም የማብሰያ ሕግ ይልቅ ወጥ ቤታችንን የሚገዛው ይህ «ሊሄድ ይችላል» ነው።) በአምስተኛው ደቂቃ ከሥሩ ይይዛል፣ በሰባተኛው ይሸታል፣ በስምንተኛው ፍርዱ ይሰጣል፤ «ይሄ ድስት ያሳርራል!»

ድስቱ ሽንኩርት የማሳረር ፍላጎት የለውም። ባዶውን መካከለኛ ሙቀት ላይ ሁለት ደቂቃ ማቆየት፣ ሽንኩርቱን ማስገባትና ከመካከለኛ ዝቅ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ ይለቃል፤ ውሃው ሲያልቅ ሥሩ ላይ ቡናማ ነገር መለጠፍ ይጀምራል። ይኼኔ አትደንግጡ። ቡናማው ጣዕም ነው፣ ጥቁሩ ነው ማረር። ሩብ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጎ አፉ ዝርግ በሆነ የእንጨት ማማሰያ ሥሩን መፋቅ ነው፤ የተለጠፈው ሁሉ ለቅቆ ወደ ቁሌቱ ይገባል፣ መልኩም ከዚያ ይመጣል። ውሃው ሲያልቅ ይደገማል፣ አራት አምስት ጊዜ። በርበሬው ከመግባቱ በፊት ምድጃውን ዝቅ ማድረግ ብቻ አይበቃም፣ ያቺ ወፍራም ሶል የያዘችውን ሙቀት ቶሎ አትለቅም። ድስቱን ግማሽ ደቂቃ ከምድጃው ላይ ማውረድ፣ በርበሬውን ከጥቂት ውሃ ጋር መጨመር፣ ከዚያ መልሶ መጣድ ነው። ሥሩ ከጠቆረ ግን መፋቅ የለም፤ ከላይ ያለውን ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ድስት መገልበጥ ነው። ባለ 12 ፍሬ መግዛት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

ጋዝ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ነበልባሉ ከሶሏ ጠርዝ ካለፈ ስሱን ግድግዳ ስለሚልሰው ወጡ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ያርራል፣ መሐሉ ግን ደህና ነው። እሳቱን ከድስቱ ቂጥ እንዳይወጣ ማድረግ ብቻ ነው። ሽሮ እንደሸክላው ገበታ ላይ እየተንተከተከ አይቀርብም፤ ስሱ ብረት ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ቅሬታ ያለው ሸክላ ይግዛ። እንቁላልም ይለጠፋል፤ መጥበሻው ሳይግል ዘይትና እንቁላል አብረው ስለሚገቡ ነው። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ጭስ ብሎ ከመጥፋት ይልቅ እንደ ዶቃ መንከባለል ከጀመረ ግሏል፤ ሙቀቱን ቀንሶ ዘይቱን ማስገባት፣ እንቁላሉን ከዚያ።

ከዚህ ሁሉ ግን ድስቱን በይበልጥ የሚጎዳው ወጥ አይደለም፣ ንጽሕና ነው። አሉሚኒየምን በአሸዋና በሽቦ ፈትጎ መስታወት ማድረግ በኩራት የተያዘ ሙያ ነውና ስቲሉም ያው ይደርሰዋል። ሽቦ ይጭረዋል፣ የራሱን ብጣሽ ጥሎበት ይሄዳል፤ በማግስቱ ያቺ ብጣሽ ትዝግና «የማይዝገው ዛገ» ይባላል። በረኪና የከፋ ነው፤ ውስጡ ያለው ክሎሪን ያን ስስ ሽፋን ነጥብ ነጥብ አድርጎ ይበላዋል። ጨውም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሥሩ ላይ ከተኛ እንደዚያው ነው፤ ውሃው ሲፈላ መጨመር ነው። ያረረው ድስት ትግል አይፈልግም፤ ሥሩን የሚሸፍን ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ማፍላት፣ ቀዝቀዝ ሲል በማማሰያ መግፋት። የቀስተ ደመና ቀለም ካወጣ፣ ወይም የሻይ ውሃ ነጭ ነገር ካለበሰው፣ አቼቶ ወይም ሎሚ ማሸት ነው። ትኩሱን ድስት ቧንቧ ሥር ማስገባት ጺ! የሚል ደስ የሚል ድምፅ አለው፤ ቂጡን አጉብጦ በኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ እንደ ጀበና ሲወዛወዝ እንዲኖር ያደርገዋል።

ይህን ሁሉ ላወቀ ሰው ርካሹም ስቲል ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የሚላጥ ቀለም የለው፣ የብረት ጭልፋ አይፈራ፣ ቲማቲም ያለበት ወጥ ቢያድርበት ጣዕሙ አይለወጥ። ታዲያ ከስድስቱ ሥራ ያለው አንዱ፣ ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩ ነው። አምስቱ ከነላስቲካቸው ቡፌ ውስጥ ከሻይ ብርጭቆዎቹ ጎን ተደርድረው እንግዳ ይቀበላሉ። ካርቶኑ ቁም ሳጥን አናት ላይ ነው፤ ቤት ሲለቀቅ ይፈለጋል፣ ወይም የዘመድ ሰርግ ሲመጣ።

የበዓል ዋዜማ ይደርሳል። የሴቱ ትልቁ ባለ 24 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ስድስት ሊትር ቢይዝ ነው። ለዶሮው የተከተፈው ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ብቻውን እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ዶሮውና 12ቱ እንቁላል የት ይግቡ? አልጋ ሥር ያለው አሮጌ አሉሚኒየም ድስት፣ ጎኑ የተጎደጎደው፣ ይወጣል። ክዳኑ ከጠፋ ቆይቷል። ከስድስቱ ክዳን አንዱ እንኳ አይበቃውም። ትሪ ይደፋበታል።