«በልቻለሁ» እያሉ መራብ፦ አሜሪካ ሰው ቤት ለሚያርፉ ተማሪዎች

ልጃቸውን አሜሪካ ለትምህርት የሚልኩ ወላጆች በቪዛው፣ በትኬቱና በብርዱ ይጨነቃሉ። ልጁ የማያውቀው ቤተሰብ ዘንድ የሚያርፍ ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ወር የሚያከብድበት ብርዱ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ «ብላ» ሲባል «በልቻለሁ» ይላል፤ የቤቱ እመቤት «በሞቴ» ብላ ትደግማለች፣ ትሠልሳለች፤ በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። አሜሪካዊቷ እናት «በልቻለሁ»ን እንደሰማችው ትቀበላለች። ምግቡን ከድና ፍሪጅ ታስገባለች። ንፍገት አይደለም፤ እዚያ አገር ነውሩ አልፈልግም ያለን ሰው መጎትጎት ነው። ተማሪው ሆዱን ይዞ ይተኛል፣ እሷም «ምግባችንን አልወደደውም» ብላ ታዝናለች።

ስለዚህ ከጉዞ በፊት ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጡ ብንባል፣ ለአስተናጋጁ ቤተሰብ የሚላከውን ደብዳቤ እንመርጣለን። በቃል ለመናገር የሚያሳፍረው ሁሉ በጽሑፍ ይቀላል። ደብዳቤው ግን «ጥሩ ልጅ ነኝ፣ ኳስ እወዳለሁ» ከሚለው ማለፍ አለበት።

መጀመሪያ በየትኛው ውል እንደምትሄዱ እወቁ። ጄ-1 በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ለአንድ የትምህርት ዘመን የሚሄድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ቤተሰቡ የሚያስተናግደው በፈቃደኝነት እንጂ በክፍያ አይደለም። ደንቡ ለተማሪው የራሱ አልጋ እንዲኖረው፣ መኝታ ክፍሉን ቢጋራ እንኳ በጾታ ከሚመስለው ከአንድ ሰው በላይ እንዳይሆን፣ ዕድሜያቸው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቤቱ ነዋሪዎች የወንጀል መዝገብም እንዲጣራ ያዛል። በኤፍ-1 ቪዛ የግል ትምህርት ቤት ወይም ኮሌጅ የሚማረው ግን ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በየወሩ እየከፈለ ነው። እሱ ውሉን ማንበብ አለበት፦ በቀን ስንት ጊዜ ምግብ ይቀርባል፣ የቅዳሜና እሑድ ምሳ ይጨምራል ወይ፣ ለመልቀቅ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ ያስፈልጋል። «ቤተሰብ ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል አከራይ ካጋጠመ ወረቀቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስና፣ ትልቁ ጉዳይ ጾም ነው። ኦርቶዶክስ የሆነ ተማሪ «ቬጂቴሪያን ነኝ» ብሎ ከጻፈ ረቡዕ ማታ አይብ የሞላበት ፓስታ ይጠብቀዋል፤ ቬጂቴሪያን ለእነሱ ሥጋ የማይበላ እንጂ እንቁላልና ወተት የተወ ሰው አይደለም። ትክክለኛው ቃል «ቪጋን» ነው፤ «በጾም ቀን ቪጋን፣ በሌላው ቀን ሁሉን እበላለሁ» ቢባል በደንብ ይገባቸዋል። ዓሣ የሚበላና የማይበላ መኖሩም ይጻፍ፤ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ በእነሱ አቆጣጠር 3 ሰዓት ብሎ ያስቀምጠው።

ቀኖቹንም በእነሱ ካላንደር አስልቶ መላክ ይገባል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15፣ ማለትም በአብዛኛው ኖቬምበር 24 ነው። ታንክስጊቪንግ የሚባለው የአሜሪካኖች ትልቁ የቤተሰብ ድግስ ደግሞ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ይውላል፤ በ2026 ኖቬምበር 26፣ በእኛ ኅዳር 17 ነው። ዲሴምበር 25ም ምንጊዜም ጾሙ ውስጥ ነው። አያት ከሌላ ከተማ መጥታ፣ የቱርክ ዶሮው ከጠዋት ጀምሮ ኦቭን ውስጥ ሲጠበስ ውሎ፣ ገበታ ላይ «አልበላም» ማለት ያስቀይማል። በኦገስት ተነግሮ ቢሆን ግን ድንቹን ያለ ቅቤ ለብቻ ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁሉንም አጽዋማት የማይጾም ልጅ ደግሞ የትኛውን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይወስን፤ ጾሙ በየሳምንቱ ሲቀያየር የምታበስለዋን ሴት ግራ ያጋባል። ሙስሊም ተማሪ በረመዳን ለሱሑር ከንጋት በፊት ወጥ ቤት እንደሚገባ ይንገራቸው፤ የአሳማ ሥጋ በቆርቆሮ በሚሸጥ ባቄላ ውስጥ ሳይቀር እንደሚገባ አውቆም ማሸጊያውን ያንብብ።

በርበሬና ሽሮ ይወሰዳል፤ ግን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ፍተሻ ላይ ሊያስቀር ስለሚችል በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ቋንጣው እናት ጋ ይቅር። ቡናም ተቆልቶ ይሂድ፤ እዚያ ቤት ቡና መቁላት የጭስ ማስጠንቀቂያውን ያስጮኸዋል፣ በብዙ ቤቶች ደግሞ ደወሎቹ የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲጮኽ ሁሉም ይከተላሉ። ዕጣንም እንዲሁ። ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ግን የማስጠንቀቂያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ በተዘጋ ቤት ጢሱ ይገድላል። ሽንኩርት ከማቁላላት በፊት ከምድጃው በላይ ያለው የአየር መሳቢያ ይከፈት። አዲስ አበባ የተገዛ የኤሌክትሪክ ምጣድም ሆነ ካውያ አይሠራም፤ የእኛ 220 ቮልት፣ የእነሱ 120 ነው።

ቤተሰቦች በብዛት የሚያጉረመርሙት ግን በሻወር ነው። ቤቱ የሞቀ ውሃ የሚያጠራቅም ጋን ካለው የተለመደው መጠን ከ150 እስከ 190 ሊትር ነው። የሻወሩ ራስ በደቂቃ እስከ 9.5 ሊትር ያወርዳል። ሃያ ደቂቃ የቆመ ሰው ከ180 ሊትር በላይ ሊያፈስ ይችላል፤ ከፊሉ ቀዝቃዛ ቢሆንም ቀጥሎ የሚገባው ትንሽ ልጅ ይንቀጠቀጣል። ሰባት ደቂቃ ይበቃል፤ የጠዋቱ ተራ ማን ማን እንደሆነም ይጠየቅ። መጋረጃው ገንዳው ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ወለሉ ይጥለቀለቃል። የሳህን ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ሳህን በእጅ የሚታጠብበትን ሳሙና የጨመረ ወጥ ቤቱን አረፋ በአረፋ ያደርገዋል። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ ቢገባ ተኮማትሮ ይወጣል።

ሰዓት ሌላው ጣጣ ነው። «በ2 እመጣለሁ» ያለ ልጅ ማታ 2 ሰዓት ማለቱ ነው፤ የሚጠብቁት ግን ከቀትር በኋላ በ8 ነው። በአገሩ አቆጣጠር ማሰቡን እስኪተው ድረስ በእነሱ ሰዓት ጽፎ ቢያሳይ ይሻላል። ወላጆችም ይህን ያስቡበት፦ አዲስ አበባ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በእነሱ በጋ ከሌሊቱ 8፣ በክረምታቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ያኔ የሚጮኽ ስልክ የሚቀሰቅሰው ልጁን ብቻ አይደለም።

ሰዎቹን በስም መጥራት ለእኛ ልጆች ይከብዳል፤ «አንቱ» ብሎ ያደገ ልጅ የ60 ዓመት ሰው በስሙ ሲጠራ ስድብ የተናገረ ይመስለዋል። ብዙዎች ጭራሽ ሳይጠሩ ወር ይሞላቸዋል። «ምን ብዬ ልጥራዎት?» ብሎ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ይበቃል።

ሥራን በተመለከተ፣ አልጋን ማንጠፍ፣ ሳህን ማጠብና ቆሻሻ ማውጣት የቤቱ ልጅ የሚያደርገው ነው፤ ሳይነገሩ መጀመር ደስ ያሰኛል። ጄ-1 ተማሪ አልፎ አልፎ ሕፃን ጠብቆ ወይም ሣር አጭዶ ኪስ ገንዘብ ማግኘት ይፈቀድለታል፣ መደበኛ ተቀጣሪ መሆን ግን አይችልም። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ሦስት ሕፃናት እየጠበቀ የሚያመሽ ተማሪ ተማሪነቱ ቀርቶ ሞግዚት ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ለማን ይናገር? በጄ-1 ደንብ ልጁን የላከው ድርጅት የአካባቢ አስተባባሪ በየወሩ ተማሪውንና ቤተሰቡን ማነጋገር አለበት። ችግሩ የእኛ ልጅ «እንዴት ነው ቤቱ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» ማለቱ ነው። አስተባባሪው ይህንኑ ይመዘግባል። ትንሹ ነገር፣ ምግብ አልበቃኝም፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል የሚለው፣ በሳምንቱ ለቤተሰቡ ይነገር፤ ካልተስተካከለ ለአስተባባሪው። ቤት መቀየርም አለ፣ ተጣልቶ መውጣት ተደርጎም አይቆጠርም። ፓስፖርቱን የወሰዱበት ወይም ያለፈቃዱ የነኩት ልጅ ግን ተራ አይጠብቅ፤ የዚያኑ ዕለት ይደውል። የላከው ድርጅት፣ የአስተባባሪውና የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስልኮች ያሉበት መታወቂያ ካርድ ሊሰጠው ይገባል፤ ካርዱን ፎቶ አንስቶ ለእናቱ ይላክላት፣ ዋናውን ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ይያዝ፤ ስልክ ባትሪው ያልቃልና።