ሴቡ ራታኗን ከራሷ ጫካ ማግኘት አለባት

የቀርከሃ ወንበር የለመደ ዓይን ራታንን ሲያይ ያው ቀርከሃ ይመስለዋል። ነገር ግን የቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው፤ ራታን ግን ድፍን ነው። ከዘንባባ ወገን ሆኖ ሳለ እንደ ሐረግ በእሾሁ እየተንጠላጠለ ትልልቅ ዛፍ ላይ ይወጣል። በእንፋሎት ሲታጠን እንደ ልብ ይታጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ፊሊፒናውያን ዱያን የሚሉት፣ በሁለት ጫፉ ታስሮ የሚንጠለጠለው መኝታ ከዚህ ተክልም ይሠራል። ሕፃን ይተኛበታል፣ በቀትር ሐሩር አዋቂውም ጋደም ይልበታል።

ይህን የእጅ ሥራ ለዓለም ገበያ ካስተዋወቁት አንዱ የፊሊፒንሷ ደሴት የሴቡ ዲዛይነር ኬኔት ኮቦንፑዌ ነው። እናቱ ቤቲ እ.ኤ.አ. በ1972 የቤት ዕቃ ድርጅት አቋቁመው ነበር፤ እሱም ኒውዮርክ ተምሮ በ1996 ወደ ሴቡ ተመለሰ። ዮዳ የተባለውን ወንበሩን ጠጋ ብሎ ላየው፣ የጀርባው ዘንጎች ጫፋቸው ሳይታሰር እንደ ረጅም ሣር ቆመዋል። የተደገፈ ሰው ክብደቱን ሲጥልባቸው እጅ ይሰጣሉ፣ ሲነሳ ይመለሳሉ። ይህን ፕላስቲክ አይሠራውም፤ የጥሬ ዕቃው ጠባይ ራሱ ነው ዲዛይን የሆነው።

ስለዚህ ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ለነጋዴ ብቻ የሚተው አይደለም። ከዓለም ራታን አብዛኛው የሚገኘው ከኢንዶኔዥያ ነው፤ የሴቡ አምራቾችም ከዚያ ይገዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 መባቻ ኢንዶኔዥያ ጥሬ ራታን ከሀገር እንዳይወጣ ስታግድ ጉዳቱ ሴቡ ድረስ ተሰማ። በኢንዶኔዥያ አልፈርድም። ለራሷ ሠራተኛ አስባ ነው፤ ፊሊፒንስም ቀደም ብላ ተመሳሳይ እገዳ ጥላ ነበር። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፦ ራታን በተፈጥሮ የሚበቅልባት ሀገር፣ ጫካዋን ለግንድ ነጋዴ አስጨፍጭፋ ስታበቃ የሌላውን ደጅ መጥናቷ። ዛፉ ሲቆረጥ ሐረጉ የሚወጣበት ያጣል።

የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 በተፈጥሮ ደን ግንድ መቁረጥን አግዶ፣ 1.5 ሚሊዮን ሄክታር መሬት በችግኝ ለመሸፈን ዘመቻ ጀምሯል። መልካም ነው። ችግኝ ቆጥሮ መትከል ግን ራታን አያስገኝም። ራታን እንደ ዝርያው ለመቆረጥ ዓመታት ይፈጃል፤ ያን ያህል የሚታገሠው ነገ ቆራጩ እሱው እንደሚሆን እርግጠኛ የሆነ ሰው ብቻ ነው። ያላመነማ ለጋውን ዛሬ ቆርጦ ይሸጠዋል፤ ማንስ ይወቅሰዋል?

መፍትሔው የሚጀምረው ከተራራው ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. የ1997ቱ የነባር ሕዝቦች መብት ሕግ በአባቶቻቸው መሬት ላይ የባለቤትነት ማረጋገጫ እንዲያገኙ ይፈቅዳል። የሴቡ ትልልቅ ድርጅቶች ማረጋገጫውን ከያዙ ማኅበረሰቦች ጋር የረጅም ጊዜ የግዢ ውል ይግቡ። ቅድመ ክፍያም ይስጡ፤ ዋጋውንም ደላላ ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች ተቀምጠው ይወስኑት። አንድ የራታን መኝታ በውጭ ሀገር ሱቅ በውድ ሲሸጥ፣ እሾሁን ልጦ ዘንጉን በትከሻው ከተራራ ያወረደው ሰው ከዚያ ገንዘብ ላይ ዛፉን ሳይቆርጥ የሚያኖረው ድርሻ ማግኘት አለበት።