ቪዛ ቀረ ማለት ኬላ ቀረ ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም፤ ሞያሌም የጋራ ኬላ ከተከፈተ ወዲህ ፍተሻ የለም፤ ሄዶ መሥራት ነው» ብለሃል። እዚህ ቱሉ ዲምቱም ሻይ ቤት ውስጥ የማይቀር ወሬ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው። የቀረው ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 የተመረቀው የሞያሌ ኬላ ፍተሻውን አላነሳም። ሁለቱን ፍተሻ አንድ ቦታ አመጣ እንጂ። ድሮ እዚህ የመውጫ ማህተም፣ ተሻግረህ ደግሞ የመግቢያ። አሁን ወደ ኬንያ ስትሄድ የሁለቱም አገር ሠራተኞች በኬንያ በኩል ባለው ግቢ አብረው ይጠብቁሃል። ስትመለስ በእኛ በኩል። ኢሚግሬሽኑም ጉምሩኩም እንዳለ ነው። ያሳጠሩት ምልልሱን ነው፤ እሱም የጭነት መኪናው ካልተጨናነቀ!

ከቪዛ ነጻ የሚባለው ደግሞ ለጉብኝት ነው። ፓስፖርት ትይዛለህ፤ የምትቆይበትም ጊዜ ገደብ አለው። ናይሮቢ ተቀጥሮ ለመሥራት የሥራ ፈቃድ የግድ ነው። ያለ ፈቃድ ሲሠራ የተገኘ መታሰርም መባረርም ይመጣበታል። ደላሎች ይህቺን ነገር ዘለው ነው የሚያወሩት።

«የአፍሪካ ኅብረት ፈቅዷል» ላልከው፣ የኅብረቱ የነጻ ዝውውር ስምምነት (ፕሮቶኮል) እ.ኤ.አ. በ2018 እዚሁ አዲስ አበባ ጸድቋል። ሥራ ላይ የሚውለው ግን 15 አገሮች በየፓርላማቸው ሲያጸድቁት ነው። እስካሁን ያጸደቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ደግሞ ነጻ ዝውውር ያለበት የአውሮፓ አገሮች የሼንገን ቀጠና እንኳን ፍተሻን ጨርሶ አልተወም። ጀርመን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ጊዜያዊ ቁጥጥር ጀምራለች።