ኪኔሲን ጥማድ በሬ አይደለም
ኪኔሲን በሕዋስ ውስጥ ማይክሮቱቡል በሚባል የፕሮቲን ቱቦ ላይ እየተራመደ ጭነት የሚያጓጉዝ ሞተር ፕሮቲን ነው። ስለ እሱ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ የኪኔሲንን ሁለት እግሮች ቀንበር እንደተሸከሙ ጥማድ በሬዎች «እኩል ይስባሉ» ማለቱ ስህተት ነው፤ በሬ ጎን ለጎን ሆኖ አብሮ ይስባል፣ እነዚህ ግን የሚረግጡት በየተራ ነው። ጉልበቱ የሚመጣውም ጽሑፉ እንዳለው ኤቲፒ (የሕዋስ ኃይል ሰጪ ሞለኪውል) በተሰነጠቀባት ቅጽበት አይደለም። ኤቲፒ ከፊተኛው እግር ጋር ገና ሲያያዝ የዚያ እግር አጭር የአንገት ማያያዣ ወደ ፊት ዞሮ ይጣበቃል፤ ኋላ የነበረው እግር በዚህ ተስቦ 16 ናኖሜትር ያህል ይሻገራል፣ ጭነቱ ግን የሚራመደው 8 ናኖሜትር ብቻ ነው። የተሻገረው ኤዲፒውን (ኤቲፒ ተሰንጥቆ ፎስፌቱ ሲለቀቅ የሚቀረውን) ጥሎ ማይክሮቱቡሉን አጥብቆ ይይዛል፤ ከኋላ የቀረው ኤቲፒውን ሰንጥቆ ፎስፌቱን ሲለቅ ይላቀቃል። ተራው ተዛብቶ ሁለቱም ባንዴ ከላሉ ሞተሩ ይወድቃል። አንድ ኪኔሲን ብቻውን 100 እርምጃ ገደማ ሄዶ ነው የሚወድቀው፣ 1 ማይክሮሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጭነት በበርካታ ሞተሮች የሚያዘውም አንድ ምክንያቱ ይኸው ነው። ኤቲፒን የሚመስል ግን የማይሰነጠቅ ውህድ ቢሰጡት ደግሞ ማይክሮቱቡሉ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። ከደብረ ማርቆስ «አቅጣጫውን ማን ይነግረዋል?» ብለው ለጠየቁት መምህር፦ መንገዱ ራሱ። ፕላስና ማይነስ የሚባሉት የማይክሮቱቡል ሁለት ጫፎች አይመሳሰሉም፤ የተለመደው ኪኔሲን ወደ ፕላስ፣ ዳይኒን የሚባለው ሌላ ሞተር ፕሮቲን ወደ ማይነስ ይሄዳል። በአክሶን (በነርቭ ሕዋስ ረጅም ክር) ውስጥ ፕላሱ ወደ ነርቩ መጨረሻ ስለሚያመለክት ኪኔሲን ከሕዋሱ አካል ወደ ውጭ ይጭናል፣ ዳይኒን ይመልሳል። ለተማሪዎችዎ ስሌት ከፈለጉ፣ በሰከንድ 800 ናኖሜትር ሳያቋርጥ ቢጓዝ ከወገብ እስከ እግር ጣት ላለው 1 ሜትር ነርቭ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል።