የማርክ ገበያ ይድራልን

የጥር ብርድ ደብረ ብርሃንን ሲሰነጥቅ የሴሚስተሩ ማርክ የሚሞላበት ሳምንት ይደርሳል። የሒሳብ መምህሩ ብቻውን እንዳይበርደው ተመላልሰው የሚያሞቁት ወላጆች፣ ዘመዶችና የዘመድ ዘመዶች ዕድሜ ይስጣቸው!

ያለ እነሱማ ምን ይሠራ ነበር? በየክፍሉ 60 ልጅ፣ አምስት ክፍል፤ 300 ወረቀት። አንዱን በ5 ደቂቃ ቢያርም 25 ሰዓት ነው። ለቀመሩ 2፣ ለአሠራሩ 2፣ ለመልሱ 1 እያለ መስመር ለመስመር ይሄዳል። የ3 እና የ4 ድምር ስኩዌር ሲሆን ስንት ነው ቢል፣ 49 ማለት ትቶ ሁለቱን ለየብቻ ስኩዌር አድርጎ 25 የሚለው ልጅ አያልቅም። ቅዳሜ ኳስ ሊያይ አስቦ ነበር፤ እንግዶቹ ከዚያ ሱስም ገላግለውታል።

የመንዝ በግ የሚገዛ ሰው ላቱን ሳይዳብስ ዋጋ አይጠራም። ማርክም እንዲሁ ነው። ልጁ 44.445 አምጥቷል እንበል። መምህሩ አንዴ አጠጋግቶ 44 ይላል፤ ችኩል! ዘመድ ግን በደረጃ ያጠጋጋል። በሰላምታ 44.45፣ በሻይ 44.5፣ በአባትየው ውለታ 45 ይሆናል። ከዚያ «ስለ እመቤታችን!» ሲባል 45 ወደ ቅርቡ አስር፣ 50። አለፈ!

ስድስቷ ማርክ የት ትግባ? የፋይናሉ 50፣ የሚዱ 20 እና የቴስቱ 10 በቀይ እስክሪብቶ ታርመው ተመልሰዋል። አሳይመንቱ ከአንድ ደብተር ስለተገለበጠ ሁሉም 10 ከ10 ነው። የቀረው ተሳትፎ ነው። ጥያቄ ሲጠየቅ እርሳስ ፍለጋ ዴስክ ስር የሚገባው ልጅ ከ4 ተነሥቶ 10 ያገኛል። እርሳሱንም ቢሆን ተሳትፎ ነው የፈለገው።

ሮስተሩ ግን ዝም አይልም። ትምህርቱ አሥር ከሆነ 6 ማርክ አማካዩን በ0.6 ያነሣዋል፤ ደረጃ ይፈርሳል፣ ከፊቱ የነበረው ልጅ ወደ ኋላ ይወርዳል። የዚያ ልጅ አክስት በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች።

«መምህሬ፣ እኔስ ብዙ አላስቸግርዎ፤ ነጥብ ስድስት ብቻ ናት።»