እህትየው ጀግና፣ ፓይለቱ ከሃዲ?

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ቡና ላይ አንድ ወሬ ተነሳ። የጎረቤታችን ልጅ ሊሄድ ነው ተባለ። ልጁ ፓይለት ነው፤ ገና ረዳት አብራሪ። ደቡብ ምሥራቅ እስያ ያለ አንድ አነስተኛ አየር መንገድ «ና» ብሎታል። ደሞዙ በዶላር ነው።

አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ ፍርድ ወጣ። «አገር አስተምራው!» አለች አንዷ። «የዛሬ ልጅ እኮ አገሩ ሆዱ ነው» አሉ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ ስኒያቸውን ረከቦቱ ላይ እየመለሱ። አንድ ወጣት ደግሞ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ያስተማሩበትን ቆጥሮ ከፍሎ ነው መሄድ ያለበት» አለ። እናትየው ምንም አላለችም። ጀበናዋን አዘንብላ ቶናውን መቅዳቷን ቀጠለች።

እኔም ዝም አልኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። የዚችን ሴት ሌላ ልጅ አውቃታለሁና።

የፓይለቱ ታላቅ እህት ጂዳ ናት። ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ስትሄድም እዚያው ቤት፣ እዚያው ስጋጃ ላይ ቡና ተፈልቷል። እኒሁ ሽማግሌ ናቸው እጃቸውን ዘርግተው «አላህ መንገድሽን ያቅናው፣ ከደግ ሰው ይጣልሽ» ብለው የመረቋት። ሁላችንም አሚን ብለናል። አገር ከዳች ያላት አልነበረም። የቤቱን ቆርቆሮ ያስቀየረችው እሷ ናት። የወንድሟን የትምህርት ቤት ክፍያ ስትልክ የኖረችውም እሷው ናት። ሰፈሩ ሲያነሳት «ጀግና ናት» ይላል፤ እውነቱን ነው።

ታዲያ ለእሷ ምርቃት፣ ለእሱ እርግማን የሆነው በምን ሂሳብ ነው?

ለወሎ ሰው ስለ ስደት ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። እዚህ ደሴ ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ ዓረብ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልግ ብትሉኝ ቀኑ ይመሽብኛል። መሄድን እናውቀዋለን። የማናውቀው የተማረ ሰው ሲሄድ ምን እንደምንል ነው። ድሃ ሲሄድ ችግር ገፋው እንላለን። የተማረ ሲሄድ ስግብግብ ይባላል። ድሃዋም ልጅ እኮ ደሞዝ አስልታ ነው የሄደችው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት 100 ብር አለፈ። ያን ሰሞን ጂዳ ያለችውም ስሌት ሠርታለች፣ ኮክፒት ውስጥ የተቀመጠውም ሠርቷል። ያልሠራ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ልጁ የሚያበራትን አውሮፕላን የኮምቦልቻ ሰው ያውቃታል። ክንፏ ከላይ ነው፣ እግሯ ረጅም፣ ሁለት ፕሮፔለር አላት። ኪው 400 ይሏታል። ሰባ ምናምን ሰው ትይዛለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አጫጭር መስመሮቹን በእሷ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ደሴ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣርማበርን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በእሷ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሽተኛ ይዞ የተጓዘ ሰው ልዩነቱን ይነግራችኋል።

አንድ ቀን ከእናትየው ጋር ኮምቦልቻ ወርደን ነበር። ልጇ የዚያን ቀን ወደ ኮምቦልቻ እንደሚበር ደውሎ ነግሯት ነው። በሚኒባስ ሐረጎን ስንወርድ ጉም ነበር፤ ጠመዝማዛው ላይ ዱዓዋን አላቋረጠችም። ታች ስንደርስ ፀሐይ። ጋቢዋን አጥፋ በክንዷ ያዘች። ከአጥሩ ውጭ ቆምን። አውሮፕላኗ መጣች፣ ጎማዋ መሬት ሲነካ ትንሽ ጭስ አወጣች፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ግማሽ ሰዓት እንኳ የሞላች አይመስለኝም፤ ተመልሳ ተነሳች። ልጁ መውጣት አይችልም ነበር። ማታ አዲስ አበባ ሆኖ ደወለ። «እማ፣ አየሽኝ?» «አየሁህ እንጂ! ከስተሃል» አለችው። ከአውሮፕላኑ በቀር ምንም አላየችም።

ስለ ፓይለት ፍልሰት ስናወራ ብዙ ጊዜ በዓይናችን የሚመጣው የባህረ ሰላጤው ትልልቅ አየር መንገድ ነው። ባለ ሁለት ፎቅ አውሮፕላን፣ ቪላ ቤት፣ ምናምን። ይሄ ልጅ የሚሄደው እንደዚያ ያለ ቦታ አይደለም። የሚሄደው ሪጅናል ወደሚባለው ነው። ከትልቅ ከተማ ወደ ትንንሽ ከተሞች፣ በትንሽ አውሮፕላን፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ እየተነሱ እያረፉ የሚሠሩበት። የሰማይ ሚኒባስ በሉት። የሥራው ጉልበት ያለው እዚያ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ክፍያው ትንሽ የነበረውም እዚያ ነው።

ይሄን በደንብ ያየችው አሜሪካ ናት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 አንድ የሪጅናል አውሮፕላን ቡፋሎ የምትባል ከተማ ሊያርፍ ሲል ወደቀ። መሬት ላይ ከነበረ አንድ ሰው ጋር 50 ሰው ሞተ። አውሮፕላኑ የኛው የኮምቦልቻዋ ዓይነት ነው፣ ኪው 400። ችግሩ ግን ከአውሮፕላኑ አልነበረም። አብራሪዎቹ ፍጥነት መውረዱን በጊዜ አላስተዋሉም፣ ማስጠንቀቂያው ሲመጣም የሰጡት ምላሽ የተሳሳተ ነበር። ምርመራው ድካምንም አነሳ። ረዳት አብራሪዋ ከአገሪቱ ምዕራብ ጫፍ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዛ ነበር ሥራ የገባችው። የአሜሪካ ሕዝብ ያን ጊዜ ነው የሪጅናል ፓይለት እንዴት እንደሚኖር የሰማው።

ከዚያ በኋላ ሕግ ወጣ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪ ለመሆንም በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ግድ ሆነ። (የወደቀው አውሮፕላን ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ሕግ አንዳንዴ የሚቃጠለውን ቤት ትቶ የጎረቤቱ ላይ ውሃ ይደፋል።) ሰዓቱን የሚያሟላ ሰው ጠፋ። ሪጅናሎቹ ዓይናቸውን ወደ ውጭ ጣሉ። አውስትራሊያውያን ለሙያተኛ የተለየ የአሜሪካ ቪዛ አላቸው፤ በዓመት እስከ 10,500 ሰው ይፈቅዳል። በእሱ በኩል ከሲድኒና ከብሪስቤን ወጣት ፓይለቶች እየተነሱ አሜሪካ ውስጥ ስሟን ሰምተው በማያውቋት ከተማ ማረፍ ጀመሩ። ለደሴ ልጅ እንዲህ ያለ ቪዛ የለም፤ ዲቪ ካልወጣለት በቀር።

ያም ሆኖ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ስካይዌስት የተባለው ትልቁ ሪጅናል ፓይለት አጠረኝ ብሎ ወደ 29 ትንንሽ ከተሞች መብረሩን ሊያቆም እንደሆነ አስታወቀ። እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም፤ እኛን የሚነካን ይሄኛው ነው። ፓይለት ሲጎድል የዋሽንግተንና የለንደን መስመር አይታጠፍም። የሚታጠፈው የትንሿ ከተማ መስመር ነው። ኮምቦልቻን የመሰለችዋ። ስለዚህ ሽማግሌው ሲናደዱ ከሜዳ ተነስተው አይደለም። አንድ ካፒቴን ሲሄድ ወንበሩ ብቻ አይደለም ባዶ የሚቀረው። አጠገቡ ተቀምጦ ይማር የነበረውም ልጅ አስተማሪ ያጣል።

ካፒቴን ደግሞ እንደ ጎማ ከመርካቶ አይገዛም። ያን የ1,500 ሰዓት ቁጥር በኛ መስመር አስቡት። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ አንድ ሰዓት ካልን፣ 1,500 ጊዜ መብረር ማለት ነው። በጉም፣ በክረምት፣ በበጋ አቧራ። ይሄን ሁሉ በላዩ ላይ ያፈሰሰ ድርጅት ልጁ ሲሄድበት ቢያመው አይፈረድበትም።

ግን አሜሪካኖቹ በመጨረሻ ምን አደረጉ? ፓይለቶቻቸውን ሰብስበው ስለ ባንዲራ አላስተማሩም። ከፈሉ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የአሜሪካን ኤርላይንስ ንብረት የሆኑ ሪጅናሎች የጀማሪ ረዳት አብራሪን ክፍያ በሰዓት 90 ዶላር አደረሱት። ሌሎቹም ተከተሉ። ለዓመታት «ገንዘብ የለንም» ሲሉ የነበሩ ናቸው። ሰው ሲያጡ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ እነሱ ያውቃሉ።

የኛ አገር ገንዘብ እንደዚያ እንደማይዘረጋ አውቃለሁ። ከዶላር ጋር ትግል አንገጥምም። ግን ደሞዝ ብቻ አይደለም ሰውን የሚያስቀረው። እኔ ብጠየቅ ሁለት ነገር እላለሁ።

አንደኛው ውሉ ነው። አየር መንገድ ራሱ ወጪ አውጥቶ ያሠለጠነውን ሰው ለተወሰኑ ዓመታት በግዴታ ማሠራቱ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ነው። ጥሩ። ውል ውል ነው፣ የፈረመ ይፈጽም። ነገር ግን ዕዳው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ፣ ቀድሞ የሚወጣ ስንት ከፍሎ እንደሚለቀቅ ፊርማው ላይ በቁጥር ይጻፍ። ግዴታውን የጨረሰ ሰው ደግሞ መልቀቂያ ለመጠየቅ ሌባ ይመስል መሳቀቅ የለበትም። ቡና ላይ «ቆጥሮ ይክፈል» ያለው ወጣት፣ ልጁ ቆጥሮ ከከፈለ በኋላስ ይመርቀው ይሆን?

ሁለተኛው መመለሻው ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብዙ አየር መንገድ ውስጥ የፓይለት ተራ የሚቆጠረው በተቀጠረበት ቀን ነው። ወጥተህ ስትመለስ ከሰልፉ ጭራ ትቆማለህ። አምስት ዓመት ውጭ በርሮ፣ ካፒቴን ሆኖ፣ ሌላ አየር፣ ሌላ ተራራ፣ ሌላ ዝናብ ለምዶ የሚመጣ ሰው ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣው በታች ሊሰለፍ ነው። ማን ይመለሳል? ቦይንግ በሚቀጥሉት 20 ዓመታት ዓለም ከ600 ሺህ በላይ አዲስ ፓይለት እንደሚያስፈልጋት በየዓመቱ እየተነበየ ነው። ጥሪው አይቆምም። ጥሪውን ማቆም ካልቻልን ለሚመለሰው ቦታ ማስቀመጥ እንችላለን። ያልተከፈተ በር «ለምን አልገባህም» ብሎ አይወቅስም።

ደግሞ እኛ እኮ የሄደ ፓይለት ውለታ ያለብን ሕዝብ ነን። ደሴ አውሮፕላንን በክፉ ታውቀዋለች፤ ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ከተማዋን በቦምብ ሲደበድብ ንጉሡ ራሳቸው እዚህ ነበሩ። በዚያ ጦርነት የኢትዮጵያን ጥቂት አውሮፕላኖች ይመራ የነበረው ማን ነው? ጆን ሮቢንሰን፣ ከቺካጎ የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ። አገሩን፣ የበረራ ትምህርት ቤቱን ትቶ መጣ። ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ልጆቻችንን አብራሪነት አስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ አዲስ አበባ ሞተ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ሥራው በአሜሪካኖች እጅ ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው ያበረሩት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እነዚያ አሜሪካኖች ሁሉ የሆነ ቦታ የሆነች እናት ትተው ነው የመጡት። እዚያም ሰፈር ውስጥ «ሆዱ ነው አገሩ» ያለ ሽማግሌ ሳይኖር አይቀርም።

ዛሬ ደግሞ ድርጅቱ ራሱ ወጥቷል። ሎሜ ላይ ድርሻ ያለበት አስካይ የሚባል አየር መንገድ አለ፣ የማላዊ አየር መንገድም ላይ ባለድርሻ ነው። ያን ጊዜ «አፍሪካን አገናኘ» ብለን እናጨበጭባለን። ድርጅት ሲወጣ መስፋፋት፣ ሰው ሲወጣ ክህደት። ይሄ እንኳ ለኔ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ትናንት ማታ ወደ እናትየው ቤት ጎራ አልኩ። ልጁ ደሴ ነበር፣ ሊሰናበት መጥቶ። ሻንጣው ገና አልተዘጋም። በሶው በሁለት ላስቲክ ተቋጥሮ ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። «የኛ ሽማግሌ መጥተው ነበር?» አልኳት። «መጥተው መርቀውት ሄዱ» አለች፤ ፈገግ ብላ። ከፊቱ አፍረው ይሆን ወይ ሆዳቸው ራርቶ፣ አላወቅኩም።

ልጁ በስልኩ ካርታ እያሳያት ነበር። እሷ ካርታ አይገባትም። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ «ከጂዳ ይርቃል?» አለችው።

«ይርቃል እማ። ግን በዓመት በዓመት እመጣለሁ።»

«እህትህም እንደሱ ብላ ነው የሄደችው» አለችና በረካውን ቀዳችልን።