የዱክ ዳኦስታ «ጨዋነት» ለማን ነበር?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ እንግዳው ግራዚያኒን ተክቶ በኢትዮጵያ የጣሊያን እንደራሴ የነበረውን ሰው አንስቶ «ዱክ ዳኦስታ እንደ ግራዚያኒ አልነበረም፤ ጨዋ ነበር፤ ጨዋነቱንም ከአያቱ ነው የወረሰው» ሲል ሰማሁ። ጠያቂው አንዲት ቃል ሳይሞግት አለፈው። እኔ ማለፍ አልቻልኩም።

አያቱ ልዑል አመዴኦ በ1890 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ44 ዓመቱ ቱሪን ላይ ሲሞት፣ በስሙ የተጠራው የልጅ ልጁ ገና አልተወለደም። ታዲያ ጨዋነቱን ከማን እግር ሥር ተቀምጦ ተማረው?

ግድ የለም፣ ወርሷል እንበል። የጣሊያኑ ንጉሥ የዳግማዊ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ልጅ አመዴኦ ማድሪድ የገባው የስፔን ፓርላማ በ1870 በ191 ድምፅ ንጉሥ አድርጎ ስለመረጠው ነው። የደገፈው ጄኔራል ፕሪም ገና ከጅምሩ ተገደለበት፤ አገሩ በአመፅ ታመሰበት። በየካቲት 1873 ዘውዱን መለሰ። ለፓርላማው የነገረው ምክንያት ግልጽ ነበር፦ ጠላቶቹ የውጭ ሰዎች ቢሆኑ ጦሩን እየመራ ይዋጋቸው ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም ስፔናውያን ናቸው። ለዚህ ውሳኔው አከብረዋለሁ።

የልጅ ልጁስ? ከ191ዱ ድምፅ አንዷን እንኳ ከጎጃም፣ ከሸዋ ወይም ከጎንደር ያሳዩን! አያት ተመርጦ የተቀመጠበትን ዙፋን «አልፈለጉኝም» ብሎ ሲለቅ፣ የልጅ ልጅ ማንም ሳይጠራው በ1937 መጨረሻ የሙሶሎኒ እንደራሴ ሆኖ በሰው አገር ተሾመ። በየጫካው የሚዋጉት አርበኞች የማን አገር ልጆች ነበሩ? የአያቱ ደም በውስጡ ካለ፣ አያቱ ለስፔን ፓርላማ የተናገረው ያ ቃል ያን ጊዜ እንዴት ጠፋበት? አገሩን አላወቀም እንዳይባል፣ አጎቱ ሉዊጂ በ1927 አዲስ አበባ የራስ ተፈሪ እንግዳ ሆኖ በክብር ተስተናግዷል። የጋበዘን ቤት መውረር በየትኛው ቋንቋ ነው ጨዋነት የሚባለው?

በሚያዝያ 1939 ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ላይ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉት ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በመርዝ ጋዝና በጥይት ተፈጁ። ግራዚያኒ እንደራሴነቱን ካስረከበ ከዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ወንበሩ ላይ የነበረው «ጨዋው» ነው።

በ1941 አምባላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ እንግሊዞች በወታደራዊ ክብር ተቀበሉት፤ በማግስቱ ዓመት ናይሮቢ ላይ በምርኮ ሞተ። ጨዋ ያሉት እነሱ ናቸው፤ የነሱ ልጆች ዋሻ ውስጥ አልነበሩም። ያ እንግዳ ዳግም ከተጋበዘ፣ ጠያቂው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ዘረት ይጠይቀው።